ነፍስ ወከፍ

ታሊን፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የመድን መሥሪያ ቤት፤
ሥራዬ ስም መጻፍ፣ ሥራዬ ስም ማጥፋት።
ሰው ሲወለድ ጽፌ፣ ሲሞት ሰርዣለሁ፣
ከወር ወር ነፍሳትን ስደምር አድራለሁ።

ሕጉ አዲስ ነው ገና፣ ቀለሙ አልደረቀ፤
የድሮው ደመወዝ በዐዋጅ ወደቀ።
ትናንት ሐኪም ሁሉ፣ ቢያክም ባያክም፣
ወር ሲሞላ እንደሁ ደመወዝ አይቀርም።
አሁን ግን በነፍስ ነው፤ ነፍስ ወከፍ ይባላል፤
ዶክተሩ ስም ይዞ በስም ልክ ይከፈላል።
ሕመምተኛም በዚያው፣ ጤነኛም በዚያው ዋጋ፤
መዝገብ ስም ነው እንጂ አያውቅም ሥጋ።

ሒሳብ ክፍል ያሉት በሻይ ሰዓት ሲጣሉ፣
“በሥራው ይከፈል፣ በየስፌቱ” ይላሉ።
“ያኔማ” ይላል አንዱ፣ “ሰው ሁሉ ይሰፋል፣
ቁስል ባይኖርበትም ቁስል ይፈለጋል።”
“በነፍስ ከሆነስ?” “በሩ ይዘጋጋል፤
የማይመጣ በሽተኛ እንደ ወርቅ ይወደዳል።”
እኔ ዝም። ማስመሪያዬን ይዤ አሰምራለሁ፤
ክርክሩ ሲግል መስኮት እከፍታለሁ።

ኅዳር ላይ አንዲት ሴት ከደሴት መጣች፣
በመርከብ፣ በአውቶቡስ፤ ቦት ጫማዋን አራገፈች።
“ቪርቬ ነኝ፣ ሐኪም” ብላ ፖስታ አስቀመጠች።
“ገንዘብ ልመልስ ነው።”
                        በዚህች መስኮት፣ እውነት፣
እንዲህ ያለ ቋንቋ አልሰማሁም ከጥንት።

“ኤንደል ሞቷል፤ ሰኔ። ዓሣ አጥማጅ ነበረ።
የእሱ ነፍስ ዋጋ ግን እስካሁን አልቀረ፤
አምስት ወር ሙሉውን፣ እሱ አፈር ለብሶ፣
የነፍሱ ክፍያ መጣልኝ ገስግሶ።”

ገንዘቡን ቆጠርኩት፣ ደግሜም ቆጠርኩት፤
“በዝቷል እኮ፣ ዶክተር፤ አምስት ወር አይደል?” አልኳት።

“ዐውቃለሁ” አለችኝ። “የፊቱም አለበት፤
በሕይወት ሳለ ነው ያልሠራሁበት።
ሁለት ዓመት ሙሉ ስሙ እኔ ጋ ነበር፤
አንድ ቀን አልመጣም፣ አልረገጠም በር።
አልታመመም ብዬ ደስ ይለኝ ነበረ፤
ማገዶውን፣ መብራቱን፣ ነርሷን ያሳደረ
እንደሱ ያለ ነው፣ ያልመጣ፣ ያላስቸገረ።
ልቡ ግን ለካስ ሲያንኳኳ ከርሟል፤
በሬን መምታት ትቶ ደረቱን መትቷል።

“ሳልሜን ደግሞ አስባት። ሰኞ አታጓድልም።
ጉልበቴን ትላለች፤ ጉልበቷ አያምም።
የሚያማት ባዶ ቤት። ካልሲዋን አውልቃ
ስለ ሸጠቻት ላም ታወራለች ዘልቃ።
ደጅ ላይ የተኮለኮለው ሲስል ይሰማኛል፤
የሳልሜ ጨዋታ ኪሳራ ይባላል።”

“በስፌት ቢከፈልስ?” ብዬ አልኳት፣ እንደ ሞኝ።
ሳቀች። ሳቋ ራሱ ትንሽ አስደነገጠኝ።
“ዝምታ ስንት ነው? ማዳመጥስ ስንቱ?
በየትኛው ዓምድ ላይ ይግባ ምልክቱ?

“ከሰኔ ወዲህ ግን ሐሙስ ሐሙስ፣
ያልመጡትን ሰዎች ቤታቸው ድረስ
እሄዳለሁ በብስክሌት። ውሻ ነክሶኛል።
አንዱ ድንች ሰጠኝ፤
‘ገና መች ሞትኩ?’ ብሎ አንዱ አባሮኛል።”

የስረዛ ቅጽ አለ፣ የዝውውርም አለ፤
የጸጸት ቅጽ ግን እስካሁን የታለ?
የአምስቱን ወር ወሰድኩ፣ ደረሰኝ ቆረጥኩ፤
የተረፈውን ክሮን ወደ እሷ መለስኩ።

ገንዘቡን አላየችም። እኔን ነው የምታየኝ።
“ፊትህ ቀልቷል፤ ትንፋሽህም አጠረ መሰለኝ።
ማን ነው ሐኪምህስ? በማን መዝገብ አለህ?
ወይስ የሌላውን ስም ስትጽፍ ቀረህ?”

አሥር ሺህ ነፍስ ጽፌ፣ የራሴን ዘልያለሁ።

በመስኮቷ ቀዳዳ “ክንድህን አውጣ” አለች፤
እጅጌዬን ሰቅላ መለኪያውን አሰረች።
ከኋላ ወረፋው ሲያጉረመርም ጀመር፤
እሷ ዓይኗን ጨፍና ልቤን ስትቆጥር።
በማንም ዝርዝር ላይ ባልሰፈረ ክንድ፣
ባልተከፈለባት በዚያች ደቂቃ አንድ፣
አየሩ ከጎማው ቀስ ብሎ ሲተነፍስ
ሰማሁት፤ አለች ለካ፤ አንዲት። የኔ ነፍስ።

“ከፍ ብሏል፣ ታከም!” ብላኝ ወደ መርከብ ሮጠች፤
ፖስታውን፣ ያን ትርፉን፣ መስኮቴ ላይ ትታ ሄደች።